ፌልኮ 2 የዛፍ መግረዣ መቀስ፦ በብርዱ ወራት መጨረሻ ሲመዘን

ጥቂት የፍሬ ዛፍና ቁጥቋጦ ያለበት የአትክልት ቦታ ዓመቱን ሙሉ መቀስ አይፈልግም። ሥራው ሲጠራቀም ይቆይና ቅጠሉ ረግፎ ካለቀ በኋላ፣ እምቡጡ ማበጥ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት በአንዴ ይወርዳል። (ክረምት ብለን የምንጠራው የዝናቡን ወቅት ስለሆነ ግር እንዳይል፦ እዚህ የሚነገረው ዛፍ ቅጠሉን ጥሎ ስለሚተኛበት የብርድ ወቅት ማብቂያ ነው።) ለዓመታት ያልተገረዘ አንድ አፕል ብቻ መቶ ጊዜ ሊያስቆርጥ ይችላል። ከጎኑ ትንንሽ ፍሬ የሚሰጡት ቁጥቋጦዎች ከረንቱና ራስፕቤሪው፣ ጽጌረዳውም ተራ ይጠብቃሉ። የእጅ መቀስ ልኩ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከካርቶኑ በወጣበት ቀን የማይቆርጥ መቀስ የለም። በአራት መቶኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ጣት በብርድ ደንዝዞ፣ ምላጩ ላይ የዛፍ ፈሳሽ ደርቆ ሳለ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ይህ ነው።

ፌልኮ 2 ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው፤ መልሱ ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው ስለቱ አይደለም። ስለት ማንም ያወጣል። ይህ መቀስ ለዋጋው የሚበቃው እስከ ትንሿ ቪቴ ድረስ ስለሚፈታና ያረጀችው ክፍል ብቻ ተለይታ ስለምትቀየር ነው። ፈትቶ የማያጸዳና የማይስል ሰው ይህንን ገዛ ርካሹን ገዛ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በእጁ ያለው ያው ደነዝ መቀስ ነው።

አምራቹ በፌሊክስ ፍሊሽ እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተው የስዊዘርላንዱ ፌልኮ ነው። ሞዴል 2 ደግሞ ከ1948 ጀምሮ በምርት ላይ ይገኛል። ርዝመቱ 21.5 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 240 ግራም ነው፤ አምራቹ እስከ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ይቆርጣል ይላል። እጀታዎቹ ከተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ተሠርተው ቀይ ልባስ ለብሰዋል፤ ምላጩ ጠንካራ ብረት ነው። እጀታዎቹ በሚገጥሙበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎማ አለች። ሥራዋ መቀሱ በተዘጋ ቁጥር ወደ እጅ አንጓ የሚሄደውን ምት መዋጥ ነው። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መኖሯ እንኳ አይታወቅም፤ ቀኑን ሙሉ ከቆረጡ በኋላ ግን ጎማ ከሌለው መቀስ ጋር ያለውን ልዩነት አንጓ ይናገራል። በደጋፊው መንጋጋ ላይ የዛፉ ፈሳሽ የሚወርድባት ቦይ ተቀዳለች። ወደ ቡሎኑ ጠጋ ብሎ ምላጩ ላይ ያለችው ጠባብ ጎድጎዳ ደግሞ ለስስ ማሰሪያ ሽቦ ናት። ሽቦ ከዚያች ጎድጎዳ ውጭ በምላጩ አፍ ከተቆረጠ ወዲያው ይሸርፈዋል።

አሠራሩ ባይፓስ የሚባለው ዓይነት ነው። ቆራጩ ምላጭ በደጋፊው መንጋጋ ጎን ተንሸራትቶ ያልፋል፣ እንደ ጨርቅ መቀስ። ሌላው ዓይነት ምላጩ እንደ መስፍ ጠፍጣፋ በሆነ ብረት ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፍበት ነው፤ እሱ ደረቅና የሞተ እንጨትን በትንሽ ጉልበት ይሰብራል፣ እርጥቡን ግን ጨፍልቆ ነው የሚቆርጠው። በብርዱ መጨረሻ የሚገረዘው ቅርንጫፍ ቅጠል ባይኖረውም ሕያው ስለሆነ ባይፓሱ ነው የሚሻለው። የተጨፈለቀ ጫፍ ቶሎ አይድንም፤ በሽታም የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ባይፓስ ሲባል ግን ሁለቱም ጎኑ እኩል አይደለም። ምላጩ ያለበት ጎን ንጹሕ ቁርጥ ይተዋል፣ መንጋጋው ያረፈበት ልጣጩን ትንሽ ይጫነዋል። ስለዚህ መቀሱ ሲያዝ ምላጩ በዛፉ ላይ ወደሚቀረው ክፍል፣ መንጋጋው ወደሚወድቀው ክፍል መዞር አለበት። ይህችን አንዷን ነገር ብቻ ያረመ ሰው ጉቶ ማስቀረቱን ያቆማል፤ ምክንያቱም ተገልብጦ የተያዘ መቀስ መንጋጋው እየከለከለው ወደ ቅርንጫፉ መነሻ መጠጋት አይችልም። የቀኝ እጅ መቀስ ስለሆነ በአንዳንድ ቦታ ለመዞር ወይ አንጓን መጠምዘዝ ወይ በዛፉ ሌላ ጎን መቆም ያስፈልጋል። ዞሮ መቆሙ ይሻላል።

የእርሳስ ውፍረት ያለው አንድ የአፕል ቀንበጥ እንውሰድ። ወደ ውጭ የሚያይ እምቡጥ ይመረጣል፤ ወደ ውስጥ የሚያየው ካደገ መሀሉን ያጨናንቀዋልና። ከእምቡጡ 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ከእምቡጡ ተቃራኒ እንዲወርድ በትንሹ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ውሃ እምቡጡ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። እጅግ ከተጠጋ እምቡጡ ይደርቃል። ሁለት ሴንቲሜትር ከራቀ ደግሞ ከእምቡጡ በላይ ያለው ጉማጅ ሞቶ ይጠቁርና መድረቁ ወደ ታች ይወርዳል። እንጨቱ ከመንጋጋው ጫፍ ሳይሆን ወደ ቡሎኑ ተጠግቶ መግባት አለበት፤ ጫፉ ለስስ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በአንድ እስትንፋስ እስከ መጨረሻው መጭመቅ ነው። ፌልኮ 2 እዚህ ላይ የሚሰጠው ድምፅ አጭርና ደረቅ ነው፤ የቁርጡ ፊት እንደ ረጋ ቅቤ ለስላሳ ሆኖ፣ ዙሪያው ያለው አረንጓዴ መስመር ሳይቀደድ ይታያል።

25 ሚሊሜትር የሚለው ቁጥር በመንጋጋው መክፈቻ ልክ እውነት ነው፤ በእጅ ልክ ግን ማጋነን አለበት። ለስላሳ እርጥብ እንጨት ሲሆን 20 ሚሊሜትር በምቾት ይቆረጣል። ጠንካራ የቆየ የአፕል ወይም የፒር እንጨት ከ15 ሚሊሜትር በኋላ በሁለት እጅ መጭመቅን ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን እጅ መጠቀም ያስፈለገበት ቅጽበት መጋዝ የሚወጣበት ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት መቀሱን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ነው። ይቆረጣል፣ አዎ። ነገር ግን ሲጠመዘዝ ምላጩና መንጋጋው ይራራቁና የእንጨቱ ክር በመሀላቸው ይገባል፤ ቡሎኑ ይላላል፣ ሲብስም የምላጩ ጫፍ ይጣመማል። ከዚያ በኋላ «መቀሱ ደነዘ» ይባላል። አልደነዘም፤ ተከፍቷል። የሚረዳው ነገር በሌላው እጅ ቅርንጫፉን ከምላጩ ርቆ ይዞ ቁርጡ እንዲከፈት በቀስታ ወደ ታች መጫን ነው፤ ሲከፈት ምላጩ ይለቀቃል። የያዘው እጅ ከምላጩ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ሲደረግ ነውና።

የቀዘቀዘው ቀን ራሱም ችግር ያመጣል። ውርጭ የያዘው እንጨት ይሰባበራል፣ ቁርጡም ይሰነጠቃል። ጠዋት ቅርንጫፉ ላይ ነጭ ውርጭ ካለ እስኪቀልጥ መጠበቅ ነው። የቀዘቀዘ አሉሚኒየም ደግሞ ሙቀት ከእጅ ይሰርቃል፤ ልባሱ ባለበት ሁሉ ይረዳል፣ ልባሱ በተላጠበት ግን ጓንት የግድ ነው። የላስቲክ መዳፍ ያለው ስስ ጓንት ይመረጣል፤ ወፍራም የቆዳ ጓንት ለጽጌረዳና ለጉዝቤሪ እሾህ ይሁን እንጂ መቀሱን ዘግታ የምትይዘውን መቆለፊያ በአውራ ጣት መግፋት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ተክሎቹ፤ መቀሱ በሁሉም ላይ እኩል አይደለምና።

አፕልና ፒር ላይ ቤቱ ነው። በመጀመሪያ የሞተው፣ የታመመው፣ እርስ በርሱ የሚፋተገው፣ ከዚያ ወደ መሀል የሚያድገው ይወጣል። በአንድ ብርድ ወቅት ከዛፉ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ብቻ ቢነሳ ይበቃል። ችላ ተብሎ የቆየን ዛፍ በአንድ ቀን ማስተካከል የሚፈልግ ሰው በሚቀጥለው ወቅት ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ የሚወጡ፣ ፍሬ የማይሰጡ ቀንበጦች ጫካ ያገኛል፤ ዛፉ ያጣውን ቅጠል ለመተካት ሥሩ የያዘውን ጉልበት ሁሉ ወደዚያ ስለሚገፋ። መቀስ በጣም ስለታም ሲሆን አንዱ አደጋ ይኸው ነው፤ መቁረጥ ይጥማል።

ቀይ ከረንትና ጉዝቤሪ ላይ ጠባቡ የመንጋጋ ጫፍ በእሾህ መሀል ለመግባት ይመቻል። ዋናዎቹ ቅርንጫፎች የዓመቱ እድገታቸው በግማሽ ያህል ያጥራል፤ የጎን ቀንበጦች ከአንድ እስከ ሦስት እምቡጥ እስኪቀራቸው ያጥራሉ፤ መሀሉ ክፍት ሆኖ እንደ ዋንጫ ይቀራል። ጥቁር ከረንት ላይ ሥራው ሌላ ነው። እሱ ፍሬ የሚሰጠው በወጣት እንጨት ስለሆነ ካረጁትና ከጠቆሩት ግንዶች እስከ ሲሶ የሚደርሰው ከአፈር አጠገብ ይወጣል። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከ25 ሚሊሜትር ይበልጣሉ፣ በጠባብ ቦታም ናቸው። እዚያ መቀሱን ማስገደድ ምላጩን የማጥፋት ቀጥተኛ መንገድ ነው፤ የሚታጠፍ ትንሽ መጋዝ ያስፈልጋል።

በሚያሳዝን ሁኔታ መቀሱ የሚበላሽበት ቦታ በጣም ቀላሉ ሥራ ላይ ነው፦ ዘግይቶ የሚያፈራው ራስፕቤሪ። በዚያው ዓመት በወጣው አገዳ ላይ ፍሬ ስለሚሰጥ ሁሉም አገዳ በብርዱ መጨረሻ እስከ አፈር ድረስ ይቆረጣል። ምርጫ የለውም፣ ማሰብ አይፈልግም፤ እጅ ይፈጥናል፤ በእያንዳንዱ ቁርጥ ግን አገዳው ሥር ያለው አሸዋና ጠጠር በምላጩና በመንጋጋው መሀል ይገባል። አንድ ረድፍ ራስፕቤሪ ከአንድ ሙሉ የአፕል ዛፍ ይልቅ ምላጭ ይጎዳል። ለዚህ ሥራ አሮጌ ወይም ርካሽ መቀስ ለይቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ካልሆነም ከአፈር 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መቁረጥ። (ፍሬውን ቀደም ብሎ፣ ባለፈው ዓመት አገዳ ላይ የሚሰጠው ራስፕቤሪ እንዲህ አይቆረጥም። ያን ከአፈር የቆረጠ ሰው የዓመቱን ፍሬ ቆረጠ። እሱ የሚፈልገው ፍሬ የሰጠው አገዳ ቀደም ብሎ እንዲወጣ፣ አሁን ደግሞ የቀረው አገዳ ጫፉ ከታሰረበት ከላይኛው ሽቦ 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲከረከም ብቻ ነው።)

ወይን ላይ የሚመጣው ጥያቄ የጊዜ ነው። ወይን ፈሳሹ መነሳት ከጀመረ በኋላ ከተቆረጠ «ያለቅሳል»፤ ከቁርጡ ለቀናት ውሃ ይንጠባጠባል። ባይሞትም የሚመከረው ብርዱ ሳይጋመስ መጨረስ ነው። ፕሪምና ቼሪ ደግሞ ጭራሽ በዚህ ወቅት አይነኩም፤ ሲልቨር ሊፍ የተባለው የፈንገስ በሽታ በእርጥቡና በቀዝቃዛው ወቅት በተከፈተ ቁስል ስለሚገባ የእነሱ ግርዘት ዛፉ በሚያድግበት በሞቃቱ ወቅት ነው። እጁ ላይ ስለታም መቀስ የያዘ ሰው «እግረ መንገዴን» ብሎ ፕሪሙን ሲነካካ የሚያደርሰውን ጉዳት የትኛውም ጥሩ ምላጭ አይክሰውም።

ሌላም ጥቅም አለ። ከጤናማ ከረንት የወደቀው ያለፈው ዓመት ቀንበጥ 20 እስከ 25 ሴንቲሜትር እየሆነ ተቆርጦ፣ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ከተተከለ ሥር ያወጣል። የታችኛው ጫፍ ከእምቡጥ ሥር ቀጥ ተደርጎ፣ የላይኛው ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል፤ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ እንዳይምታታ። እዚህ ላይ የንጹሕ ቁርጥ ጥቅም በግልጽ ይታያል፤ የተጨፈለቀው ጫፍ ሥር ከማውጣቱ በፊት ይበሰብሳል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ መፍታት። ይህን መቀስ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ነው።

በሥራ መሀል በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ በጨርቅ መጥረግና ስለቱን ጥቂት ጊዜ በአልማዝ መሳያ መንካት ይበቃል። ሙሉ ለሙሉ መፍታት ግን ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ የብርዱ ወቅት ግርዘት ከመጀመሩ በፊት ያስፈልጋል። ቦታው ጠረጴዛ ይሁን፣ ከሥሩ ጠርዝ ያለው ትሪ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው ለዚህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ ትንሿ ቪቴ ሣር ላይ ከወደቀች ለመልቀምም አትገኝም። ስልክ ካለ በየደረጃው ፎቶ ማንሳት ነው።

መጀመሪያ ሞላው ይወጣል፤ እጀታዎቹን በሰፊው ከፍቶ ከሁለቱ ጫፎች ማላቀቅ ነው። ከዚያ በመሀለኛው ዳዶ ላይ የተቀመጠችውን ጥርሳም ቁራጭ የያዘችው ትንሽ ቪቴ ትፈታለች። ይህች ጥርሳም ቁራጭ ዳዶው በሥራ መሀል እንዳይላላ የምትቆልፈው ናት፤ የብዙ ርካሽ መቀሶች ቡሎን በየቀኑ የሚላላው እንዲህ ያለ መቆለፊያ ስለሌላቸው ነው። እሷ ከተነሳች በኋላ ዳዶው በልኩ ቁልፍ ይፈታል፤ በፒንሳ አይሞከርም፣ ጠርዙን ያልጠዋል። ቡሎኑ ይወጣል፣ ሁለቱ አካላት ይለያያሉ።

በዚህ ጊዜ መሀል ላይ የሚታየው ጥቁር ዝቃጭ መቀሱን ሲያከብደው የከረመው ነው፦ የደረቀ የዛፍ ፈሳሽ፣ አቧራና አሮጌ ዘይት የተጋገረበት። ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በጠንካራ ብሩሽ ይወገዳል፤ የቀረው በአልኮል። ዝገት ካለ ስስ የብረት ሱፍ ነው እንጂ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አይደለም፤ የሻካራው ጭረት ለሚቀጥለው ዝገት መያዣ ይሆናል።

መሳሉ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ብዙ መቀስ የሚሞተውም እሱ ስለሚጣስ ነው። የሚሳለው ሰያፍ የሆነው የውጭው ፊት ብቻ ነው። ፋብሪካው ያወጣውን ሰያፍ መከተል ነው፤ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ መሀል ነው። ከቡሎኑ ወደ ጫፉ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ኩርባውን ተከትሎ 10 ወይም 15 ጊዜ። ሲሳል በጀርባው በኩል ጸጉር የመሰለ ስስ ብረት ይወጣል፤ በጥፍር ሲነካ ይያዛል። ያን ለማንሳት መሳያው በጠፍጣፋው ፊት ላይ ፍጹም ተኝቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሳባል። ጠፍጣፋው ፊት ላይ መሳያውን ቀና ያደረገ ሰው ምላጩ ከመንጋጋው ጋር የሚነካካበትን መስመር አጠፋው፤ በመሀላቸው የጸጉር ያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ያህል ቢስል ልጣጩ እየተንጠለጠለ ይቀራል። መድኃኒቱ አዲስ ምላጭ ነው። ደግነቱ ምላጩ ለብቻው ይሸጣል፤ 2/3 የሚል ቁጥር ያለው እሱ ነው። ሞላው 2/91 ነው።

ሲገጠም ቡሎኑ ላይ ጠብታ ዘይት ወይም ጥቂት ግሪስ ይደረጋል። ከዚያ የዳዶው ልክ። ሞላው ገና ሳይገባ አንዱን እጀታ ይዞ ሌላውን ማወዛወዝ ነው፤ ሳይንቀራፈፍ መክፈትና መዝጋት አለበት፣ ወደ ጎን ሲገፋ ግን ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። በጣም ከጠበቀ እጅ ይዝላል፣ ሞላውም መክፈት ያቅተዋል። ከላላ ደግሞ ክር ይጎትታል። ልኩ ሲገኝ ጥርሳሟ ቁራጭ ትመለሳለች፣ ቪቴዋ ትጠብቃለች። ቪቴዋን ረስቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ዳዶው ግማሽ ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይላላል።

የመጨረሻው ፈተና እርጥብ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ከሥር እስከ ጫፍ ይቆረጥ። በሙሉ ከታጠፈ ዳዶው ላልቷል ወይም ስለቱ ጠፍቷል፤ በአንድ ነጥብ ብቻ ከያዘ እዚያ ተሸርፏል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ካጠፈ ምላጩ ተጣሟል፣ ምናልባትም ባለፈው ዓመት በዚያ ጥቁር ከረንት ላይ በተወዛወዘበት ጊዜ። በቀንበጥ ላይ ሲሞከር ከቁርጡ ጫፍ የልጣጭ ምላስ ተንጠልጥሎ ከቀረ መሳያውን ከማንሳት በፊት ዳዶውን ማየት ይቀድማል።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር። ፋየር ብላይት ወይም ካንከር የተባለው ተላላፊ የዛፍ በሽታ የተጠረጠረበት ዛፍ ላይ ከተሠራ ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት ምላጩ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል። በረኪና ተበርዞም ቢሆን ያጸዳል፣ ግን ብረቱን ይበላል፤ ካልታጠበና ካልተቀባ በማግስቱ ቡናማ ነጥብ ይታያል። የታመመው ቅርንጫፍ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። ቁስሉ ላይ ቀለም ወይም ሙጫ መቀባትም አያስፈልግም፤ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል፤ የተቀባው ነገር እርጥበት ያምቃል።

እንከኖቹም ጥቂት አይደሉም። ሞላው በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ተሰክቶ ብቻ ስለሚቆም ቅርንጫፍ ሲመታው ይዘላል። ጭቃ ላይ ከወደቀ መቀሱ ለዚያ ቀን አበቃ፤ ተለዋጭ ሞላ ኪስ ውስጥ ይዞ መሥራት ነው። የእጀታዎቹ መክፈቻ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ መዳፍ ያለው ሰው ጣቶቹ ሙሉ ለሙሉ አይይዙትም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በአውራ ጣቱና በመዳፉ መሀል ውሃ ይቋጥራል። ቀይ ልባሱ ለዓይን ጥሩ ነው፣ ሣር ላይ የተረሳ መቀስ ከሩቅ ይታያል፤ ነገር ግን ጠርዙ አካባቢ እየተላጠ ይሄዳል። መቆለፊያዋም ኪስ ውስጥ ስትነካካ ልትከፈት ትችላለች። ስለዚህ የወገብ ማኅደር አብሮ ቢገዛ ይሻላል፤ ክፍት ምላጭ ኪስ ውስጥ ይዞ መሰላል የሚወጣ ሰው ይገርማል።

ለትንሽ እጅ ፌልኮ 6 አለ። 19.5 ሴንቲሜትር፣ 210 ግራም ሲሆን እስከ 20 ሚሊሜትር ይቆርጣል፤ ለከረንትና ለጽጌረዳ ከሆነ ከፌልኮ 2 ይመረጣል። ለግራ እጅ 9 ቁጥር ነው፤ ግራኝ ሰው 2ን ቢይዝ ምላጩ ሁልጊዜ በተሳሳተው ጎን ስለሚሆን ቁርጡን አያየውም፣ ጉቶም ያስቀራል። 7 ቁጥር የሚሽከረከር እጀታ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥና መዳፉ ለሚላጥ ይረዳል፣ ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ይከብዳልም። የመጨበጥ ጉልበት ያነሰው ሰው ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በደረጃ የሚጨምቅ፣ ራቼት ያለው መቀስ ቢፈልግ ይበጀዋል፤ ቀርፋፋ ቢሆንም።

ከ25 ሚሊሜትር በላይ ለሆነው ረጅም እጀታ ያለው መቀስ ወይም መጋዝ ነው። ሚዛን የሚደፋው መጋዝ ነው፤ ረጅሙ መቀስ በጠባብ ቦታ እጀታው ስለማይከፈት። 16 ሴንቲሜትር ምላጭ ያለው፣ ሲሳብ ብቻ የሚቆርጥ የሚታጠፍ መጋዝ ይበቃል። ክብደት ያለው ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል፦ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ርቆ ከታች እስከ ሲሶው፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ወጥቶ ከላይ፣ ቅርንጫፉ ከወደቀ በኋላ የቀረው ጉማጅ በመነሻው ላይ ካለው ያበጠ አንገትጌ ውጭ። የታችኛውን ቁርጥ የዘለለ ሰው ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ሲወርድ ያያል።

ሲገዛ አንድ ማጣሪያ በቂ ነው። ቀይ እጀታ ያለው ሁሉ ፌልኮ አይደለም፤ ቅርጹን የቀዱ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ይቆርጣሉ፤ ምላጩና ሞላው ለብቻቸው በቁጥር መገኘታቸውን ሻጩን መጠየቅ ይለያቸዋል። ካልተገኙ የሚገዛው የአንድ ዘመን መቀስ ነው፣ በዚያ ሒሳብ ይከፈልበት።

ከአምስት በላይ የፍሬ ዛፍና ሁለት ረድፍ ቁጥቋጦ ላለው፣ መሳያ ለመያዝም ለማይሰንፍ ሰው ፌልኮ 2 ያለማመንታት ይገዛ። ሦስት ጽጌረዳና አንድ ከረንት ብቻ ላለው ግን መካከለኛ ዋጋ ያለው ባይፓስ ከአንድ ጥሩ የአልማዝ መሳያ ጋር ሥራውን ይሠራል፤ የተረፈው ገንዘብ ለመጋዙ ይሁን።